የእማማ ዘሀራን ድንኳን ፎቶ ሼር ያደረገ ሁሉ ይህን ያንብብልኝ

ዛሬ የሆንኩትን ስነግራችሁ ግማሻችሁ በሳቅ ትፈርሳላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ።

ሁለቱም ይገባኛል!

አዲስ ለገባችሁ ፎሎወሮች፦ ማሩ ዲሽ ነኝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የዲሽና የሶላር ሠራተኛ። ከመፋዛ እስከ ኒው ሀልፋ ጣሪያ ላይ ዲሽ ካያችሁ ወይ እኔ የሰቀልኩት ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ሰቅሎት እንቢ ሲለው እኔ ያስተካከልኩት ነው። ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ስልክ የሚሞላበት ሶላርም የእኔ እጅ አለበት። ማንም አላስተማረኝም። ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። መምህሩም ጎበዝ፣ ተማሪውም ጎበዝ!

ፖለቲካም እንደዚያው ራሴን አስተማርኩ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

አገር ቤት ያለው ያ ፓርቲ ሊቀመንበር ሊመርጥ ነው ከተባለ ወዲህ እዚህ ገበያ ሥራ ቆሟል ብትሉ ይቀላል። የፓርቲውን ስም አልጠራም፣ ጠብ ሰልችቶኛል። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዶክተር፣ አንዱ ኢንጂነር። እኛ የዶክተሩ፣ እነሱ የኢንጂነሩ።

ድምፅ የምንሰጥ መሰላችሁ?

አንሰጥም! አባል እንኳ አይደለንም! ዶክተሩ ገዳሪፍ የሚባል ከተማ መኖሩን መስማታቸውንም እጠራጠራለሁ።

ግን ተጣላን። ደህና አድርገን ነው የተጣላነው። የሻይዋ ሴትዮ እንኳ መከራዋን ስታይ በርጩማዎቹን ለሁለት ከፈለቻቸው፤ በግራ የዶክተር፣ በቀኝ የኢንጂነር። አንድ ቀን አንድ ምስኪን የጭነት ሹፌር ሳያውቅ መሃል ላይ ቢቀመጥ ሁላችንም ተነስተን "አቋምህ ምንድነው?" አልነው። ሰውዬው ሻይ ነበር የፈለገው።

እኔ ደግሞ ተንታኝ ነኛ! "ኢንጂነሩ አንድ ዞን እንኳ አያገኙም" ብያለሁ። በላይቭ ነው ያልኩት። "ይህን ቪዲዮ አስቀምጡት፣ በኋላ ትጠቅሱኛላችሁ" ብያለሁ።

አስቀመጡት። ወላሂ አስቀመጡት!

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት ሸህ ኑሩ የሚባል ነጋዴ አለ። ከመተማ የሚመጣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሳሙና፣ ቅመም ይሸጣል። ወደ ሱዳን ስመጣ መጀመሪያ ያስጠጋኝ እሱ ነው። ሥጋችን ለየቅል ቢሆንም በፋሲካ ዳቦው ከእኔ ቤት ይሄድለታል፣ በዒድ ብስኩቱ ከእሱ ቤት ይመጣልኛል። ሳቅ የሚባል ነገር ከገባው እስኪጠግብ የሚስቅ ሰው ነው።

እሱ የኢንጂነሩ ነበር።

አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት "አንተ የሳሙና ነገር እንጂ የፓርቲ ነገር የት ታውቃለህ!" አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን በመሃላችን የሚያልፈው እዚህ ረክሻ የሚሉት ባጃጅና አህያ ብቻ ሆነ። ሁለት ሽበት ያወጡ ሰዎች! እኔ አህያውን አያለሁ፣ እሱም አህያውን ያያል።

ትናንት ከሰዓት ውጤቱ ወጣ።

ኢንጂነሩ። በሰፊው!

ስልኬ አበደ። "ማሩ፣ ዞኖቹ የት ገቡ?" "ማሩ፣ ዲሽህን ወደ ኢንጂነሩ አዙረው፣ ሲግናል አለ!" ያቺን ቪዲዮ መልሰው መላልሰው ላኩልኝ፤ የገዛ ፊቴን! ስልኩን ሳይለንት አድርጌ ተኛሁ። በዚህ ዕድሜ ሰው በማያውቀው ሰው ሹመት እንቅልፍ ያጣል?

ያጣል። ጠይቁኝ።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ሚስድ ኮል በሚስድ ኮል ሆኗል። ከመሃላቸው የማንን ስም ባይ ጥሩ ነው?

ሸህ ኑሩ! ገና ሳይነጋ፣ በፈጅር ሰዓት!

"አየሽልኝ?" አልኳት ባለቤቴን አለምነሽን። "እስከዛሬ አኩርፎኝ ኖሮ ሊስቅብኝ ሲሆን ስግደቱን እንደጨረሰ ይደውላል!"

ከሱ በኋላ የጎረቤቶቹም ስም ተደርድሯል። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ እየሳቀብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ተንታኝ ነኝ አላልኳችሁም?

አለምነሽ ረጋ ያለች ሴት ናት። ባትረጋ ኖሮማ እኔን አግብታ እስካሁን ጨርቋን ጥላ ነበር። "ሂድለት" አለችኝ። "እንኳን ደስ አለህ በለውና ይለቅላችሁ። ስኳር ይዘህ ሂድ። በማያውቋችሁ ሰዎች መኳረፍ አታፍሩም?"

ልክ ናት። እኔም ደክሞኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኑሩ ሳቅ ናፍቆኝ ነበር።

ግን ማሩ ዲሽ ሲሸነፍ እንኳ በስታይል ነው!

ስኳሩን ያዝኩ። ረክሻ ተኮናተርኩ። ሹፌሩን "ዘፈን ክፈትና እስከ መጨረሻው አድርገው" አልኩት። ስልኬን አወጣሁና ላይቭ ገባሁ። "ወገኖቼ! ዛሬ ሽንፈትን በጸጋ መቀበል ምን እንደሚመስል በተግባር አሳያችኋለሁ!"

ኔትወርኩ እንደ ውሃ ፈሰሰ! ሌላ ጊዜ "ሃሎ" ለማለት የሚያስለምነን ኔትወርክ፣ ለውርደት ሲሆን አንደኛ!

ኑሩ ሰፈር ስንታጠፍ መንገዱ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ያ ሱዳኖቹ ሲዋን የሚሉት፣ ባለ ቀለም ጨርቁ። ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ሻይ ይዞራል።

በረጅሙ ተነፈስኩ። ለሊቀመንበር ድንኳን?! ያውም በሰው አገር? ኑሩ፣ እዚህ ድረስ?

እዚህ ላይ ገዳሪፍን የማታውቁ ሰዎች ስሙኝ። እዚህ የሠርጉ ድንኳንና የለቅሶው ድንኳን ያው አንድ ነው። ወንበሩ ያው፣ ሻዩ ያው። ለሠርግም ስኳር ይዘህ ትሄዳለህ፣ ለለቅሶም ስኳር ይዘህ ትሄዳለህ። የምትለየው በጆሮህ ነው።

የእኔን ጆሮ ደግሞ የረክሻው ዘፈን ይዞታል።

ገባችሁ አይደል?

ኧረ እኔ አልገባኝም!

ከረክሻው ዘልዬ ወረድኩ። ስኳሩ በአንድ እጄ፣ ስልኩ በአንድ እጄ፣ ሁለቱም ወደ ሰማይ። "እልልልልል! ኑሩ! እንኳን ደስ አለህ! አሸንፋችኋል፣ አምነናል! ምነው ዝም አላችሁ፣ እልል በሉ እንጂ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጥርሱን ያሳየ አንድ ሰው የለም።

ሐጅ በሺር፣ የኑሩ ሱዳናዊ ጎረቤት፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተነስተው ክንዴን ያዙኝ። "ያ ማሩ! ዳ ቢካ! ቢካ ያ ዞል!"

ለቅሶ ነው፣ አንተ ሰውዬ፣ ለቅሶ!

ከኋላዬ ዘፈኑ ይጮሃል። ሹፌሩ ምንም አልገባውም፣ ጭራሽ መሪውን ለቆ ያጨበጭባል!

የሞቱት የኑሩ እናት ናቸው። እማማ ዘሀራ፣ አላህ ይዘንላቸው። ከድንበሩ ማዶ መተማ ነበሩ። ኑሩ መሄድ አልቻለም። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ክፍት ነው ሲባል ተነስተህ ስትደርስ ዝግ ነው። እናቱን በስልክ ቀበረ። ወንድ ልጃቸው እዚህ ቆሞ፣ እዚያ አፈር ሲመለስባቸው በስልክ ሰማ።

ያ የፈጅር ሚስድ ኮልስ?

ሊስቅብኝ አልነበረም። "እናቴ ሞተች" ሊለኝ ነበር። ኋላ እንደነገሩኝ ከሰው ሁሉ በፊት የደወለው ለእኔ ነው።

ለእኔ!

ኑሩ አየኝ። ስኳሩን አየ። ስልኩን አየ። እዚህ ለቅሶ ስትገባ ክርስቲያንም ሁን እስላም መዳፍህን ለዱዓ ዘርግተህ ነው። ልዘርጋ ብል ሁለቱም እጄ ተይዟል! ስኳሩን የት እንደማስቀምጥ ጠፋኝ። ሐጅ በሺር ተቀበሉኝ።

"ተቀመጥ" አለኝ ኑሩ።

ተቀመጥኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ውርደቱ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የእኔ ግን ገና ነው።

ላይቩን አላጠፋሁትም!!

ኪሴ ከትቼው እዚያም ሆኖ ይሄዳል። ትዝ ሲለኝ አወጣሁትና ኮሜንቱን አየሁ። "ኢንጂነሬ የኔ ጀግና!" "ድምፅ ተሰርቋል!" "ይሄ ኤዲት ነው!" ድንኳኑ ውስጥ ዱዓ ይደረጋል፣ እነሱ እዚያ ዞን ይቆጥራሉ። አንድ ልባም ብቻ "ጋሼ፣ ለቅሶ ይመስለኛል" ብሎ ጽፏል። እሱንም "አንተ ደግሞ የማን ተላላኪ ነህ?" ብለው አባረሩት።

አጠፋሁት። ከፔጄም ሰረዝኩት። ኸላስ፣ አለቀ አልኩ።

የት አባቱ ያልቃል!

ከሰዓት፣ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ አንድ የኢንጂነሩ ደጋፊ ፔጅ የድንኳኑን ስክሪንሾት ለጠፈ። "በገዳሪፍ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለአዲሱ ሊቀመንበር ድንኳን ጥለው ደስታቸውን ገለጹ።"

ትንሽ ቆየና የዶክተሩ ደጋፊ ፔጅ መጣ። ያው ድንኳን! ያው ፎቶ! "ገዳሪፍ አነባች። በተሰረቀው ድምፅ ልባቸው የተሰበረ አባቶች።" ይባስ ብለው የሐጅ በሺርን ፊት በቀይ ከበውታል። ሐጅ በሺርን! አማርኛ የማይሰሙ ሱዳናዊ፣ የዶክተሩ አልቃሽ ሆነው ቁጭ!

ልስቅ ነበር።

የኑሩ ስልክ ጮኸ።

እህቱ ራውዳ ናት፣ ከመተማ። እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመች እሷ ናት። ፎቶውን ሰው አሳይቷታል። ድምጿ ከስልኩ ወጥቶ ለሁላችንም ይሰማል። "የእናቴ አፈር ሳይደርቅ ለምርጫ ድንኳን ትጥላለህ ኑሩ? እዚህ ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ነው። ምን ብዬ ቀና ልበል?"

ኑሩ ስልኩን ወደኔ ዘረጋው።

"አንተ ነህ ያመጣኸው። አንተ ተናገር።"

እኔ! በሌላ ጊዜ ማይክ ከሰጣችሁኝ የማልመልሰው ሰውዬ! "እህቴ ራውዳ… ማሩ ነኝ… ድንኳኑ የእማማ ነው… ማንም አልጨፈረም… እልል ያልኩት እኔ ብቻዬን ነኝ… ሳላውቅ ነው…"

ሰማችኝና "ፖለቲካ ያውቃል የሚሉህ አንተ ነህ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። እንደዚያ ቀስ ብዬ "እኔ ነኝ" ብዬ አላውቅም።

"እንግዲያስ ንገረኝ። ይሄ የተመረጠው ሰውዬ መንገዱን ያስከፍታል? ወንድሜ ለአርባዋ ይደርስልኛል?"

ወገኖቼ፣ ስለ ሁለቱ ሰዎች ስንት ላይቭ ሠርቻለሁ። ማን የማን ዘመድ ነው፣ ማን ከማን ተኳርፏል፣ የቱ ዞን ወደየት ያዘነብላል፣ ያልተነተንኩት የለም። ስለ መንገዱ ከሁለቱ አንዳቸው ያሉትን ነገር ላስታውስ ብዬ ጭንቅላቴን ገለበጥኩት።

ባዶ!

እኛም እኮ አልጠየቅናቸውም። አንዳችንም!

"አላውቅም እህቴ" አልኳት።

"እሺ" አለች። ድምጿ ደክሟል። "ለኑሩ ሻይ ስጡት። ሲያዝን እህል አይቀምስም።"

ስልኩን መለስኩና ተነሳሁ። የሻዩን ትሪ ተቀብዬ ማዞር ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ለኑሩ ስሰጠው ተቀበለኝ። ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ።

"ስኳሩን አብዝተኸዋል።"

ስንት ጊዜ ተኳርፈን የመጀመሪያው የወዳጅ ወሬያችን ይቺ ናት።

"ነገም ና" አለኝ ቀጥሎ። "ስልክህን ቤት ትተህ።"

አሁን ቤቴ ነኝ። ከሁለቱም ፔጆች ሥር "ኧረ ለቅሶ ነው፣ አንሱት" ብዬ ጻፍኩ። የኢንጂነሩ ፔጅ "የዶክተሩ ቅጥረኛ" ብሎ ብሎክ አደረገኝ። የዶክተሩ ፔጅ "የኢንጂነሩ ቅጥረኛ" ብሎ ብሎክ አደረገኝ። ይሄን ሁሉ ወር ሲናከሱ ኖረው የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር እኔን ማባረር ነው!

ስለዚህ እናንተ ንገሩልኝ። ያ ድንኳን የማንም ሊቀመንበር አይደለም። የእማማ ዘሀራ ነው። ልጃቸው ሄዶ መቅበር ስላልቻለ እዚህ ተቀመጠላቸው፤ በቃ ይሄው ነው። ፎቶውን ሼር ያደረጋችሁ እባካችሁ አንሱት፣ ራውዳ እያየችው ነው።

እልል ያለው ጅል ግን እውነት ነው፣ ኤዲት አይደለም፣ እኔ ነኝ። አሁን ከሁለቱም ወገን ተባርሬ ሜዳ ላይ ቀርቻለሁ። ለቅሶ ቤት የሚጨፍር ተንታኝ የሚቀበል ሌላ ፓርቲ ታውቃላችሁ?