የሞጣው ፐንክ ሮክ እና የእድሩ ድንኳን

ትልቅ ነገር ሲደረግ የሚገኘው ሰው ሁልጊዜ ጥቂት ነው። ከተደረገ በኋላ ግን «እኔ አልነበርሁም» የሚል ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ዛሬ ሞጣ ሄዳችሁ ስለ መጀመሪያው የፐንክ ሮክ ኮንሰርት ብትጠይቁ፣ ባለ ባጃጁም፣ ልኳንዳ ነጋዴውም፣ ያን ጊዜ ዐረብ አገር የነበረውም «ከፊት ወንበር ነበርሁ» ይላችኋል። ድንኳኑ ሰባ ሰማንያ ሰው ቢይዝ ነው። በሚወራው ከሄድን ግን የፊት ወንበሩ ብቻ እስከ ደብረ ወርቅ ሳይደርስ አልቀረም። እኔ በእውነት ነበርሁ። ደግሞም እንዲሁ በአጋጣሚ አልተገኘሁም፤ ምስክር ሆኜ ተልኬ ነው።

ማን ላከህ ትሉ ይሆናል። እኔ ቢቸና ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ጎረቤቴ እትዬ የሺ አንድ ልጅ አሏቸው፤ ስሙ ምንይችል ነው። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ዲግሪም ጊታርም ይዞ መጣ። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ጊታሩ ግን አርፎ አልተሰቀለም። ሁለት ጓደኞቹን ሰብስቦ ባንድ አቋቋመና የምንጫወተው ፐንክ ሮክ ይባላል አለን። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ፈጣን ነው፣ ጩኸት ነው፣ ደግሞም አሳምሮ መጫወት ግዴታ አይደለም ብሎ አስረዳኝ። ሦስተኛውን ነጥብ እንኳ ሳይነግረንም ደርሰንበት ነበር።

አንድ ቀን የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ሱቄ አመጣው። ጠገንሁለት። እስኪ ሞክረው አልሁት፤ ሞከረው። የመደርደሪያዬ ብሎኖች መሬት ወረዱ፤ እኔም ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ብድግ አለ። ዕድሜዬ ሃምሳ ነውና ደም ግፊት መስሎኝ ነበር። ለካስ ወድጄው ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባንዱ አድናቂ ሆንሁ፤ አድናቂዎቹን ለመቁጠር ደግሞ ከአንድ ጣት በላይ አያስፈልግም ነበር።

እትዬ የሺ ግን ሁለት ዓመት ታግሠው አንድ ቀን በቃ አሉ። አጎቱ ደብረ ማርቆስ የቢሮ ሥራ አግኝቶለታል። ጩኸትህን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የሚሰማህ አሥር ሰው ካገኘህ ሁለተኛ አልናገርህም፣ ካላገኘህ ግን ጊታርህን ሸጠህ ማርቆስ ትሄዳለህ ብለው ቆረጡ። ልጁ ራሱ ቆጥሮ እንዳይመጣ ደግሞ እኔን ጠሩኝ። አንተ አትዋሽም፣ ሄደህ በዓይንህ አይተህ ንገረኝ አሉኝ። «ነገ ና፣ ይደርስልሃል» እያለ ለሚኖር ጠጋኝ ከዚህ የበለጠ ሹመት ከየት ይመጣል?

ቢቸና ሰምታ ጨርሳለች፤ በልመናም አትቀመጥም። ስለዚህ ሞጣ ተመረጠች። የከበሮ መቺው አባት ጋሽ ታደገ እዚያ የእድር ዳኛ ናቸው። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ አዳራሽ የሚሰጠን ጠፋ። ጋሽ ታደገ የእድሩን ድንኳን ፈቀዱልንና በጠዋት ግንደወይን ገበያ ሄዱ። እኛም ድንኳኑን ተከልን፣ አግዳሚውን ደረደርን። የለጠፍነውን ማስታወቂያ ሌሊቱን ዝናብ አጥቦት ስለነበር ሰው ይመጣል ብዬ ተስፋ አላደረግሁም።

እዚህ ላይ አራታችንም፣ ዲግሪ ያለውም የሌለውም፣ ያላሰብነው አንድ ነገር አለ። በሐምሌ ማን ይድራል? በጥር ቢሆን ሠርግ ነው ይባላል። በሐምሌ የእድር ድንኳን ከተተከለ ሞጣ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ፣ አንገታቸውን ደፍተው እየገቡ አግዳሚው ላይ ዝም። አንድ ሽማግሌ ምንይችልን ትከሻውን ይዘው እግዚአብሔር ያጽናህ አሉት። ፍርሃት ይዞት ስለነበር ከልቡ አሜን አለ። እኔማ ሞጣ ለካ ሙዚቃ አክባሪ ናት እያልሁ ቆጠራዬን ቀጠልሁ፤ ስልሳ ላይ ስደርስ ተውሁት።

ባንዱ ወጣ። ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል፤ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ጠጉራቸው በግራ በቀኝ ተላጭቷል። ይህን ያዩ እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ልብሳቸውን እስኪቀዱ ያዘኑ ልጆች መስለዋቸው ነው። ምንይችል ጊታሩን መታና እየዘለለ፣ ደረቱን እየደቃ «በቃኝ፣ በቃኝ፣ በቃኝ» ብሎ ጮኸ። የዘፈኑ ግጥም ይኸው ነው፤ ቅኔ በሚቆጠርበት አገር አንድ ቃል ይዞ መምጣትም ድፍረት ነው። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይስቃል፣ ወይም ይሸሻል። ሞጣ ግን ብድግ ብላ አብራ ደረቷን ደቃች። ከበሮ መቺው ደንግጦ ፈጠነ፤ እነሱም ፈጠኑ። በሦስተኛው ዘፈን እንባው የማይወርድ ሰው አልነበረም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ?

ዘፈኑ ሲያልቅ አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ዓይናቸውን ጠርገው፣ ለመሆኑ የሞተው ማነው ብለው በለሆሳስ ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ብዋሽ ልጁ ይተርፋል፤ አንድ የሩቅ ዘመድ ስም መጥራት ነው። ግን ለምስክርነት ተልኬ ለቅሶን ኮንሰርት ብዬ ልቁጠር? የሞተ የለም እናቴ፣ ሙዚቃ ነው አልኋቸው። ወሬው ካግዳሚ አግዳሚ ሮጠ። ያ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ተከትለዋቸው ሌሎችም ተነሡ። ምንይችል ወደ እኔ አየ። ማርቆስ ያለው ቢሮ ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር፤ አንጀቴን በላኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ግን አልተነሡም። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ እንግዳ ስቀበል፣ ድስት ስቆጥር ለወግ ያህል ነው ያለቀስሁት፣ ዛሬ ግን ወጣልኝ አሉ። ለቅሶ ሳለ ከቤት ይሄዷል ከጎረቤት የተባለው ለእኔ ነው አሉና ወደ ምንይችል ዞረው፣ ልጄ፣ ያን በቃኝ የምትለውን ድገመው፣ ገና አልጨረስሁም አሉት።

ሽማግሌው ቆመው አሰቡ። እኔም ወንድም ነበረኝ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ደገመው። ሠለሰው። እንባው መሐል ላይ ሳቅ ገባ፣ ሳቁ ጭብጨባ ሆነ፣ ሽማግሌው በበትራቸው አግዳሚውን ይደበድቡ ጀመር። የድንኳኑ አንድ ምሰሶ ወደቀ፤ ሁለት ሰዎች በእጃቸው ደግፈው ይዘው ሰሙ እንጂ ማንም አልወጣም። ጋሽ ታደገ ከገበያ ሲመለሱ ድንኳኑን ለምን እንደፈቀዱት ዘንግተው፣ ጥቁር የለበሰውን ሕዝብ ከሩቅ አይተው «ማን ቀደመኝ» እያሉ እያለቀሱ ገቡ፤ ነገሩ ሲነገራቸውም ከተለቀሰ አይቀር ብለው ተቀመጡ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማግስቱን ቢቸና ገብቼ ለእትዬ የሺ ሁሉንም ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ምንይችል ጊታሩን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። እሳቸው ስንት ሰው እንደነበር አልጠየቁኝም። አለቀሱ ነው የምትለኝ አሉ። አዎ አልሁ። ከልባቸው? ከልባቸው አልሁ።

ከዚያ ከሁለት ዓመት ወዲህ አይቼባቸው በማላውቀው እፎይታ ተነፈሱና፣ እኔ በዚህ ልጅ ጩኸት ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ሳለቅስ ማንም አልደረሰልኝም፣ እንግዲህ ለቅሶውን ሞጣ ከተረከበችኝ ይሂድ ይጩህ፣ እኔስ አረፍሁ አሉ።