ዝምድና ቆጣሪው ቲያትር ገቡ

የማን ልጅ እንደሆኑ ከራስዎ ይልቅ የሚያውቅ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ለእኛ ለደብረ ብርሃኖች የደረሱን ጋሼ ወልደ ሰንበት ናቸው።

ሰላምታ አያውቁም። ያገኙትን ሰው ይቆጥሩታል። እኔን አስፋልት ላይ ካገኙኝ ከአባቴ ጀምረው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አንኮበር ይገባሉ፤ ጎረቤላ ሲደርሱ የቅድመ አያቴን እናት፣ ማኅደረማርያምን ይጠሩና ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። ለቤተ ክርስቲያን መሬት የሰጠች ሴት ነበረች ይላሉ። ባርኔጣ የሚያነሱት ለእሷ ብቻ ነው። ከዚያ መልሰው ይደፉትና ሽቅብ ይቀጥላሉ። እኔን ሚኒባስ ያመልጠኛል።

በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ሰባቱን ቤት የሚቆጥሩት ክቡርነታቸው ናቸው። ሰላ ድንጋይ ላይ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ሠርግ አስቀርተዋል። ሙሽራው ሲያለቅስ፣ "የማን ነው ብዬ ጠይቄ ነበር እኮ" አሉና ምሳቸውን በሉ።

የእህቴ የደመቀች ልጅ ሳሌም፣ ቃለ አብ የሚባል ልጅ ልታገባ ነው። ሁለቱም ተዋናዮች ናቸው። ደመቀች ቆጠራውን ለጋሼ አደራ ሰጠች። እሳቸው ቆጠራውን ሳይጀምሩ ሳሌም ቲያትር ጋበዘቻቸው።

ቲያትሩ ላይ አባት ይሞታል። በአርባው ዕለት ከገጠር የመጣች ሴት የሟችን ሴት ልጅ እጮኛ ታይና፣ "ይሄ የሟች ልጅ ነው፤ የወለድኩለት እኔ ነኝ" ትላለች። ልጅቷን የምትሠራው ሳሌም፣ እጮኛውን የሚሠራው ቃለ አብ ነው።

ጋሼ በእኔና በደመቀች መሀል ተቀመጡ። መጋረጃው ገና ሲከፈት፣ "ቆይ፣ ሟቹ የማን ነው?" አሉ።

"ጋሼ፣ ቲያትር ነው እኮ" አልኳቸው።

"ቲያትርም ቢሆን አባት አለው።"

ከኋላ አንዱ፣ "አባባ፣ ሟቹ ይነሳና እርስዎን ያነጋግር?" አለ።

ምስጢሩ ሲወጣ ጋሼ ብድግ አሉ። "አይጋቡም! የአንድ አባት ልጆች ናቸው!"

ደመቀች እስከዚያ ድረስ ለሟቹ ስታለቅስ ነበር። አሁን ግን "ወይኔ ልጄን!" ብላ ወደ መድረኩ ሄደች። ሳሌም የምትናገረው ጠፋባት። "እማዬ፣ ተቀመጪ" አለች። ሕዝቡ የቲያትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። እኔ ራሴ የትኛው ለቅሶ የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። በሁለት ጋዜጣ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለመዘገብ ግን ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።

ቲያትሩ እንዳለቀ ደመቀች ደጅ ላይ ጋሼን ያዘቻቸው።

"የትኞቹን ነው አይጋቡም ያሉት?"

"የመድረኩን።"

"የእኔዎቹስ?"

"አልቆጠርኳቸውም።"

"እንግዲያው አሁን ይቁጠሩልኝ። እንዲህ ሆኜ ቤቴ አልገባም።"

ሳሌም የመድረኩን ጥቁር ልብስ እንደለበሰች መጥታ ቆመች። የቃለ አብን እጅጌ ጨብጣለች። ጋሼ በልጁ ጀመሩ።

"ቃለ አብ የሠረቀብርሃን። ሠረቀብርሃን የቴዎፍሎስ። ቴዎፍሎስ የገብረመንፈስቅዱስ፤ ይሄኛው ጎረቤላ ነው የተወለደው፤ እናቱ..."

እጃቸው ወጣና ባርኔጣቸውን አነሱ። ስም ግን አልጠሩም። ሳሌምን አዩ፤ የተጨበጠውን እጅጌ አዩ።

"ጠፋብኝ" አሉ።

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው አላውቅም።

"ጠፋብኝ ማለት?" አለች ደመቀች።

"አረጀሁ፣ ልጄ። እስከማውቀው ድረስ ዝምድና የላቸውም። ይጋቡ።"

ደመቀች እልል አለች። እሷ ያየችው በባርኔጣው ራሱን የሚያናፍስ ሽማግሌ ነው። እኔ ያየሁትን ግን ለማመንም ለመካድም ተቸገርኩ።

በሳምንቱ አስፋልት ላይ አገኙኝና እንደ ልማዳቸው ቆጠሩኝ። አንኮበር ገቡ። ጎረቤላ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ማኅደረማርያምን ሳይጠሩ መልሰው ደፉትና ከእሷ በላይ ካለው ቀጠሉ። ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ነኝና፣ አንድ ስም ዘለሉ ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

"ሂድ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጥህ" አሉኝ።

ሄድኩ። ለሠርጉ ከጎኔ ቦታ ይዤላቸዋለሁ፤ በሌላው ጎናቸው የሚቀመጥ ጥያቄ የማያበዛ ሰውም እየፈለግሁ ነው።