ወንፈል የምትሄደው ሃይድሮጂን

«እንደምን አደርክ» ሲሉት ያደረበትን ምክንያት የሚያብራራ ሰው ከየትኛውም ከተማ አይጠፋም። ለቆሰበር የደረሳት የኬሚስትሪ መምህሩ ሊቀ ሃይድሮጂን ይኸነው ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረን ስለተማርን የመጀመሪያው ተጎጂ እኔ ነኝ። ያኔም የምግብ ወረፋ ላይ ቆሞ ያስረዳ ነበር፤ ወረፋው አልፎን ይሄዳል።

ባጃጅ ውስጥ ስለ ዝናብ ካነሳችሁ አለቀላችሁ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲቀርብ ስለ ጨው ይጀምራል። በተለይ «ይኸ ቀላል ነገር ነው» ካለ ምሳችሁን እርሱት።

አምና የእሱ ተማሪ እንቁ ትምህርቷን ልታቋርጥ ደረሰች። ቆዳዋ ያለ ቀለም የተፈጠረች ልጅ ናት፤ ከዘንገና በእግር ስትመላለስ ፊቷ በፀሐይ ይላጣል። ይኸነው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከባሕር ዳር አስመጣላት። ፊቷ ግን ባሰበት። እናቷ ወይዘሮ ስሜነሽ ከእንግዲህ ልጄ ቤት ትቀመጥ አሉ።

ሊያግባባቸው ሲሄድ ተከተልኩት፤ እውነቱን ለመናገር ልስቅ ነበር። «ሞለኪውል» ብሎ ሲጀምር ሴትዮዋ ድንች መላጣቸውን ቀጠሉ። ይኸነው ማብራሪያውን አቋረጠ፤ በሕይወቴ ጀምሮ ሲያቋርጥ ያየሁት ያኔ ነው። ከደጅ ማሳው ላይ ጎረቤቶች በወንፈል፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው እየሠሩ፣ ድንች ይቆፍራሉ። እነሱን አየና እንደገና ጀመረ።

«እትዬ ስሜነሽ፣ ቅባቱ ውስጥ ሃይድሮጂን የምትባል ሚጢጢ ነገር አለች። ብርሃን ሲያርፍባት ከቦታዋ ተነስታ እዚያው አጠገቧ ካለው ጎረቤት ዘንድ ወንፈል ትሄዳለች። የፀሐይዋን ጉልበት በዚሁ ሥራ ትጨርሰውና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ብርሃን ሲመጣ ደግሞ ትነሳለች። እንዲህ ስትመላለስ ትውላለች፤ የእንቁ ፊት ግን አይቃጠልም።»

ወይዘሮ ስሜነሽ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ቅባት ያው እንደ ቫዝሊን ነው ብለው ማታ ማታ ሲቀቧት፣ ጠዋት ፊቷን አሳጥበው ሲልኳት ከርመዋል።

«ውይ ልጄን» አሉ፤ «ለካ ወንፈሉን በጨለማ ኖሯል የምጠራው።»

እንቁ ዘንድሮም ትማራለች። ትናንት በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት ሲወጡ አገኘኋቸው፤ ይኸነው ጃንጥላውን ለእሷ ይዞ እሱን አናቱን ፀሐይ ትመታዋለች። ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገብታ እንደገና ብቅ ስትል እንቁ ጉንጯን ነካ አድርጋ «መምህር፣ ሃይድሮጂኗ ወንፈል ወጥታለች» አለችው።

ሰላም ብዬ ላልፍ ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ያን የምግብ ወረፋ አስታወስኩና ቆምኩ።

«ለመሆኑ፣ ከሄደች በኋላ ለምንድን ነው የምትመለሰው?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ይኸ ቀላል ነገር ነው» አለ።