ቦቂት ከጎታ ኋላ የደበቀችኝ ዕለት

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። መጀመሪያ «መልካም ነው» በሉኝ፤ ሕልም እንደ ፈቺው ነው፣ ክፉ አፍ ከቀደመኝ አለቀልኝ። አላችሁ? እሺ።

ከሕልሙ በፊት በምን ሐሳብ እንደተኛሁ ልንገራችሁ፤ አለዚያ አሮጊቷ ጠላ አብዝታ ነው ትላላችሁ። ጠላውንም ጠጥቻለሁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ይኸው ታኅሣሥ ገብቶ ውርጩ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። ጠዋት የእንስራው ውሃ እንኳ በረዶ ሠርቶ ነው የሚገኘው። በየቤቱ በግ እያሳለ ይወድቃል። እኔ ደግሞ ያለችኝ አንዲት በግ ናት፣ ቦቂት። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ነው ቦቂት ያልኳት። ባሌ ከሞተ፣ ልጆቹም ከተማ ከገቡ ወዲህ ማታ ማታ የማወራው ለሷ ነው። የነገርኳትን ሁሉ ትሰማለች፣ ለማንም አታወጣም። እንዲህ ያለ ጎረቤት እስቲ ከየት ይገኛል? እንግዲህ እሷም ማሳል ጀመረች። በዚያ ላይ እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ግራና ቀኝ ወጥቶ ስትሄድ ስልቻ የተጫነች ነው የምትመስለው።

ሐኪም እሸቴ፣ የከብቱ ሐኪም፣ «ነገ በጠዋት ክትባት ነው፣ በጎቻችሁን አምጡ» እያለ በየደጁ ዞረ። ያረገዘች በግ ከተወጋች ታስወርዳለች ሲባል ግን እናንተም ሰምታችኋል። ማን አለ አትበሉኝ። ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ስለዚህ እሱ ከታች ቤት ሲመጣ ሳየው ቦቂትን ጎትቼ ከጎታው ኋላ ከተትኳት።

«እትዬ ትደነቂያለሽ፣ በግዎስ?» አለኝ ከደጅ ቆሞ።

«ጅብ በላብኝ» አልኩት።

ልጁ ቆቡን አወለቀ። «ውይ! እግዜር ይተካልዎ» ሲለኝ፣ ይቺ ጉደኛ ከጎታው ኋላ እህህ ብላ አሳለች።

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ብዬ ደረቴን መታሁ። አዝኖ ሄደ።

ተኛሁ፤ ግን ምን እንቅልፍ አለ? ባስከትባት ጽንሷ ሊወርድብኝ፣ ባላስከትባት እሷው ልትሞትብኝ። ቦቂት ሆይ ምን ላድርግሽ እያልኩ ስገላበጥ፣ ስገላበጥ፣ ዓይኔ ክድን አለ።

ብነቃ፣ ማለቴ በሕልሜ ብነቃ፣ ጋጣው ውስጥ ነኝ። እግሬ በገመድ ታስሯል። ፊቴ ላይ ገለባ ተበትኗል። ቀና ብል ቦቂት መደቤ ላይ ባናዬን ተከናንባ፣ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች። ከጎኗ ቡሬ ጠላ በዋንጫ ይዛለች። ቡሬ የማንጠግቦሽ ላም ናት፤ ማንጠግቦሽ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። ጥሩ ሴት ናት፣ እጇ ብቻ ጨው ይበዛዋል።

«ያንቺዋ ሰውስ እንዴት ከረመች?» አለች ቡሬ ከንፈሯን በምላሷ እየጠረገች።

«ምን እባክሽ፣ ታስለኛለች።»

«የኔይቱም እንደዚያ ነበረች። አስከተብኳትና ይኸው ወዟ ተመለሰ። ትናንት አጥር ዘላ ሄዳ ሰው ስታማ አገኘኋት።»

«እኔስ አላስከትብም። ያረገዘች ናት።»

ቡሬ ዋንጫውን አስቀመጠች። «በዚህ ዕድሜዋ? ከማን?»

«ከማንም። ወሬ ነው ያረገዘችው።»

ዝቅ ብዬ ሆዴን ባየው እውነትም ተነርቷል። ውስጡም የሆነ ነገር ይላወሳል። ደነገጥኩ። «ኧረ ቦቂት፣ እኔ ነኝ! ብርዱ ገደለኝ፣ ወደ እሳቱ አስጠጊኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ቦቂት ጆሮዋን አቁማ አዳመጠችኝ። «ትጮሃለች» አለች።

«ጨው አምሯት ነው» አለች ቡሬ።

አሞሌ አመጡና አፌ ሥር አስቀመጡልኝ። «አሞሌ አይደለም ያልኩት!» አልኳቸው። «አየሽ፣ ወደደችው» ተባባሉ። ምን ላድርግ፣ ላስኩት። ደግሞ ይጣፍጣል።

እየላስኩ ሳለሁ ጋጣው ገበያ ሆነ። በጉ፣ ፍየሉ፣ አህያው ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ ይዞራል፤ ሰዉ ነው በገመድ የሚጎተተው። ያገሬ ሰው ሁሉ ፀጉሩን ተሸልቶ፣ አናቱ እንደ ቅል አብለጭልጮ በውርጭ ይንዘፈዘፋል። ጥግ ላይ ፍየሎች ቁጭ ብለው ፀጉሩን በእንዝርት ይፈትላሉ። «ዘንድሮ የሰው ጠጉር ሳሳ» ትላለች አንዷ። «ብርድ ሳይገባ መሸለት ነበረባችሁ። በውርጭ ይሸለታል እንዴ? ትናንት ሁለት ሰው ወደቀብን» ትላለች ሌላዋ።

አንድ ቀንዱ የተጠማዘዘ አውራ በግ መጥቶ አፌን ፈለቀቀው።

«ጥርሷ አልቋል።»

«አልቋል» አለች ቦቂት።

«ወተት?»

«የላትም።»

«ጠጉሯስ? ለባና ይሆናል?»

«ለባርኔጣም አይበቃ።»

ዳሌዬን በኮቴው መታ መታ አደረገና ሳቀ። «ታዲያ ይቺን ምን ብለሽ ትቀልቢያለሽ?»

ቦቂት «ማታ ማታ ታወራልኛለች» አለችው።

ወይ ልጄ! ገበያው መሐል እንባዬ መጣ። አውራውም አላሾፈም። «ትሸጣለች ወይ?» ቢላት «አትሸጥም» ብላ ገመዴን ጠምዝዛ ያዘች።

ያን ጊዜ ጡሩምባ ተነፋ። «ሐኪሙ መጣ! ሰዋችሁን አቅርቡ!» ሲባል ዞር ብዬ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጭላዳ! ደረቱ ቀይ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ጭላዳ፣ ቅንድቡን ሽቅብ ወደታች እያደረገ መጣ። ከአጣና የተሠራ ጠባብ መተላለፊያ አለ አይደል፣ ከብት የሚወጋበት? ሰዉን እየገፉ እዚያ ያስገቡታል። የሰፈራችን አቶ ጎንጤ ሊያመልጥ ሲሮጥ የገዛ ውሻው ሱሪውን ነክሶ መለሰው። ከሁሉ ፊት ሐኪም እሸቴ ራሱ ቆሞ እንደ ጥጃ ይንቀጠቀጣል።

«ጌታዬ፣ ቀስ ብለው…» ይለዋል።

«ዝም በል፣ ትንኝ ነክሶህ አያውቅም?» አለው ጭላዳው። እንዲሁ ነው እሸቴ ለጥጆቻችን የሚለው፣ ቃል በቃል። ሳላስበው ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ሳል ተለወጠ። ቦቂት ደነገጠችና ገመዴን ጎትታ ወደ ቤት ሮጠች።

ከጎታው ኋላ ከተተችኝ። አፌን በነጠላዬ ጠቀለለችልኝ። «አትንፈሺ፣ የኔ እመቤት። የሆድሽን አላስገድለውም» አለችኝና ግንባሬን ላሰችኝ። ምላሷ እንደ ሞረድ ነው፣ ግን ምን ያህል ደግ ናት!

ጭላዳው ደጅ ደረሰ። «ሰውሽስ?»

«ጅብ በላብኝ።»

«የቱ ጅብ?»

«ያ… የወንዝ ማዶው።»

«እሱማ ሥጋ ከተወ ስንት ጊዜው። ድርቆሽ ነው የሚበላው። አሁን ከኋላዬ ቆሟል» አለ።

እውነትም ጅቡ ገለባ እያላመጠ ብቅ አለ። «እኔ የሰው ስም አላነሣሁም፣ እትዬ ቦቂት» አለ ቅር ብሎት።

እኔ ከጎታው ኋላ ብርዱ አጥንቴን ያንቋቋዋል። ከግድግዳው ስንጥቅ ውርጭ ይገባል። ደረቴ እንደ ዋሽንት ያፏጫል። ብሳል የሚወጋኝ መርፌ አለ፤ ባልሳል ነገ ጠዋት ደርቄ እገኛለሁ፤ የሆዴም ወሬ ሳይነገር አብሮኝ መቀበሩ ነው። ይሄስ አይሆንም አልኩ። አሳልኩ።

«እኔ ነኝ» አለች ቦቂት፣ ደረቷን በኮቴዋ እየመታች።

ደግሜ ጎታው እስኪነቃነቅ አሳልኩ።

ጭላዳው ቅንድቡን ሰቀለ። «ይሄ የበግ ሳል አይደለም። የሰው ነው። መሐሉ ላይ ሐሜት አለበት» አለና ገብቶ በእግሬ ጎትቶ አወጣኝ።

መርፌውን መዘዘ። መርፌ ብላችሁ? ዘነዘና ያህላል! ቦቂት እግሩ ላይ ወደቀች። «ጌታው፣ በወለዱት! የሆዷ ይወርዳል!»

«እስቲ ቆይ» አለና ጆሮውን ሆዴ ላይ ለጠፈ። ጭላዳው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ገለጠው።

«ይንቀሳቀሳል» አለ።

«ተመስገን!»

«ዝም በይ፣ እየተናገረ ነው። "አቶ ጎንጤ ጢሙን በጥላሸት አጥቁሮ…" ይላል።»

ቡሬ ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ ጆሮዬ ሥር ደረሰች። «ከዚያስ?»

«"…ወደዚያች ባሏ ወደሞተባት የላይ ሰፈር ሴትዮ ቤት ሽቅብ ሲወጣ አላበው…"»

«ከዚያስ?» አለ ጅቡ፣ ገለባው ከአፉ ወድቆ። አህያው በመስኮት አንገቱን አስገባ። ውጪ ለክትባት የተሰለፈው ሁሉ፣ ሰውም ከብቱም፣ ገመዱን ጥሎ በሩ ላይ ተጋፋ።

«"…ላቡ ሲወርድ ጥቁሩ ነጭ ነጠላው ላይ…" አሁን በቃ! ወሩ አልገባም፣ ከዚህ በላይ አይነገርም» አለና ቀና አለ። እንዴት እንደተቆጡ ብታዩ! «ወሬው ደህና ነው። ራሱ ወደታች ዞሯል። ሲወለድ ለአገር ይበቃል» አላት ለቦቂት።

«መርፌውስ?»

«መርፌው ጽንስ አይነካም። ይልቅ ብርድና ራብ ነው የሚያስወርደው። ከሥሯ ደረቅ ገለባ አንጥፊላት፣ እርጥቡን ጥረጊላት፣ ነፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ ድፈኚው። አሁን ወዲያ አዙሪያት።»

አዞሩኝ። ቀሚሴን ሰበሰቡት፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጅብ ፊት! ቦቂት እጄን በኮቴዋ ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝና «ትንኝ ናት፣ የኔ እመቤት፣ ትንኝ ናት» አለችኝ። ጭላዳው ዘነዘናውን አነሣ፣ እኔም ጊዮርጊስን ጠርቼ እሪ አልኩና ነቃሁ።

ፀሐይ ወጥታለች። ላብ አጥምቆኛል። «ቦቂት! ቦቂት፣ ተነሺ፣ አሁኑኑ ትወጊያለሽ!» እያልኩ ወደ ጎታው ኋላ ብሮጥ፣ የለችም። ገመዷም የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። ወይኔ፣ የዋሸሁት ጅብ እውነት ሆነና በላብኝ! ላለቅስ አፌን ስከፍት በሩ ተገፋ። ማንጠግቦሽ ናት፤ ቦቂትን በገመድ እየሳበች፣ የቦቂት ጆሮ የተከተበ የሚለይበትን ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ።

«እትዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳል ሲሰማኝ አደረ። እርስዎ መስለውኝ በጠዋት ልጠይቅ ብመጣ እርስዎ ያንኮራፋሉ፤ ጅብ የበላት በግዎ ደግሞ ከጎታ ኋላ ቆማ ታየኛለች።»

«አስወጋሻት?»

«አስወጋኋት።»

«ሳሏስ?»

«ደረቷ ንጹሕ ነው አለ ሐኪሙ። እንዳይበርዳት ብለው ምድጃ ሥር አስጠግተው ጭስ ሲያጠጧት ነው የከረሙት። ብርድ ሳይሆን ጭስ ነው ያሳላት።»

መደቤ ላይ ዝርግፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ቦቂት መጥታ ጉልበቴን ታሸትታለች፣ ቆማ፣ በሕይወቷ! ዋናውን ግን ልጠይቅ ፈራሁ። «ጽንሷስ?»

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ወረደ? ማንጠግቦሽ፣ ንገሪኝ! ወረደባት?»

«ሐኪሙ ሆዷን ዳበሰ። ደግሞ ዳበሰ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ "እትዬ ትደነቂያለሽ ምን ምን ነው የሚያበሏት?" አለኝ።»

«ገብስ ነዋ! ለሁለት ነፍስ ብዬ፣ ጠዋት ገብስ፣ ማታ ገብስ!»

«እሱኑ ነው ያረገዘችው» አለችና ሳቋን ለቀቀችው።