የእሳት እራቶቹ ለቅሶ

ትናንት ያየሁትን ሕልም ስሙኝ። በፊት ግን ምን አስቤ እንደተኛሁ ልንገራችሁ። ከጫካው ዳር አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ልቀቂ ሊሉኝ ነው። ምክንያቱ ጥፍር የማታህል የእሳት እራት። የተማሩ የተባሉት ነጭ አንሶላ ሰቅለው፣ መብራት አብርተው ያዟትና "ከዚህ ጫካ በቀር በዓለም የለችም፤ ሰው ይነሳላት" አሉ። ቁርጡ በነጋታው ይነገርሻል ተብዬ ተኛሁ።

በሕልሜ ጠራራ ፀሐይ ነው። ከሜዳው ለቅሶ ተሰማ። ለቅሶ ሰምቶ የሚቀመጥ የለምና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ፤ መንደሩም ሮጠ። ለካ ሬሳ የለም። ድንኳን ተክለው የሚያለቅሱት የእሳት እራቶች ናቸው። ገብተን ስናበቃ መውጫውን ዘጉት።

"ማን ሞቶ ነው?" አልኩ።

"ማንም። ሰው የሚያዘው በለቅሶ ነው" አለኝ መነጽር ያደረገው አለቃቸው። "በመብራትም ሞክረን ነበር፤ መብራት መጣ ብላችሁ ስልክ ልትሰኩ ቤት ገባችሁ።"

ተራ በተራ ይለኩን ጀመር። ጎረቤቴን ደብሪቱን ገልብጠው አዩና "ይቺ ተራ ናት፤ በየወረዳው አለች" ብለው ለቀቋት። አኮረፈች።

"ምን ያስኮርፍሻል፣ እኔ ድሮ ነግሬሽ የለ" አልኳት።

የኔ ተራ ደረሰ።

"እርስዎስ የት የት ይገኛሉ?"

"እዚሁ።"

"ሌላ ቦታስ?"

"ሌላ ቦታ ምን አለኝ? የወለድኩት እዚህ፣ የቀበርኩት እዚህ።"

አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። "ይቺ ሴትዮ ከዚህ ደጃፍ በቀር በዓለም የለችም" አለ። "ማንም እንዳይነካት። እኛ እንነሳላት።"

"እናንተስ ወዴት ልትሄዱ?"

"ክንፍ አለን እኮ፣ እማማ።"

ጓዛቸውን ለቀበሌው ሊቀመንበር ለአዳነ አሸክመው ተነሱ። አዳነ ጎብጦ ያለከልካል። "እማማ፣ ይለምኑልኝ" ይለኛል። አፌን ከመክፈቴ በሩ ተንኳኳና ነቃሁ።

አዳነ ራሱ ነው፣ ወረቀት ይዞ።

"ደስ ይበልዎ፣ እማማ። የእሳት እራቷ ከወንዙ ማዶም ተገኘች። ሞልታለች አሉ።"

"እንግዲያ ልቀመጥ?"

ወረቀቱን አገላበጠ። "እሷ ሌላም ቦታ ካለች ጫካውን ማን ይጠብቀዋል? ለባለሀብት ተሰጠ። ምንጣሮው ሰኞ ይጀመራል፤ እርስዎ እስከ እሁድ ይነሳሉ።"

"ወዴት?"

"እሱ አልተጻፈም።"