የምንሽሬ እርግጫና የዘር ሩዛችን

በዚህ ዓለም ከሚያሳዝኑኝ ፍጥረቶች አንዱ የገዛ ጠመንጃው የሚራገጥበት ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከአባቴ የወረስሁት ምንሽር ሲተኩሱበት እንደ በቅሎ ይራገጣል። አምና እሪያ ሩዛችን ውስጥ ገብቶ ቢያስመርረኝ አንዲት ጥይት ተኮስሁ። እሪያው በሰላም ሄደ፤ የእኔ ትከሻ አብጦ ሳምንት ሙሉ ማጭድ መጨበጥ አቃተኝ። አጨዳውን ማን ጨረሰው? ባለቤቴ ጥሩዬ። ይህንንም ዓመቱን ሙሉ ስታነሣብኝ ከረመች።

ዘንድሮ ባሕር ዳር ያለው የእኅቴ ልጅ የብረት ማስደገፊያ አመጣልኝ። ጠመንጃውን ላዩ ላይ አስረው፣ ከሥሩ በከረጢት አሸዋ ሲጭኑበት ክብደቱ እርግጫውን ይውጠዋል አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ በሩዝ አገር ተቀምጦ አሸዋ ፍለጋ እስከ ርብ ወንዝ ማን ይወርዳል? ቀድሞ ከደረሰው ማሳ ለከርሞ ዘር የመረጥነውን ሩዝ ሞላሁበት። ጥሩዬ ኧረ ተው፣ ዘር ለጨዋታ አይወጣም ብትለኝ፣ አንቺ ስለ መሣሪያ ምን ታውቂያለሽ አልኋት። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚባለው ለሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤታችን አያ ሙጨም አባትህ ትከሻው ላይ አስደግፎ ነበር የሚተኩሰው አሉኝ። እርስዎ ዘመኑን የት ያውቁታል ብዬ አለፍኋቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልታጨደው ማሳ ዳር ተክዬ፣ አንድ የጭቃ ጉብታ ላይ ለሙከራ ተኮስሁ። ምንም! ትከሻዬ መተኮሴንም አልሰማም። ማስደገፊያው ከባድ ስለነበር ለጠዋት አድፍጬ እተኩስበታለሁ ብዬ እዚያው ተውሁት፤ ምንሽሬን አንግቤም ለመንደሩ ላወራ ሮጥሁ።

ሲነጋጋ ብመለስ እሪያው ቀድሞኛል። የቆመውን ሩዝ አልነካውም። ምን አደከመው? ተወቅቶ፣ ተበጥሮ፣ ተመርጦ በከረጢት የቀረበለት እያለ! አንዲት ፍሬ እንኳ አላስተረፈልኝም።

ጥሩዬ መጥታ የተቀደዱትን ከረጢቶች አየች። ስድብ ስጠብቅ ቀስ ብላ ትከሻህ እንዴት ነው አለችኝ። ደህና ነው አልኋት። እሰይ፣ እንግዲያው ዘር የምትሸከምበት አላጣህም አለች።

በገበያው ቀን ከወረታ ዘር ይዤ ስመለስ ባለ ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ አስፋልቱ ዳር አወረደኝ። ጆንያውን ተሸክሜ፣ እያቃሰትሁ መንደር ስገባ አያ ሙጨ ከደጃፋቸው ብድግ አሉና ጠየቁኝ፤

«ምነው ልጄ፣ ማስደገፊያውን ሳትይዘው ወጣህ?»