በተጠቀስኩ ሰሞን

ሰው ስሙ ሲነሳለት ይወዳል። ገበሬው በበሬው፣ ቄሱ በዜማቸው መነሳት ይሻሉ። ነጋዴ በሚዛኑ ባይነሳ ይመርጣል እንጂ እሱም ያው ነው። የእኛ የተመራማሪዎች ግን ይብሳል። ጽፈን ማሳተማችን አይበቃንም፤ ሌላ ተመራማሪ በጽሑፉ ውስጥ «እገሌ እንዲህ ብሏል» ብሎ ካልጠቀሰን እህል አይበላልንም። ያልተጠቀሰ ጥናት ደግሶ እንግዳ የቀረበትን ሰው ይመስላል።

እኔ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መምህር ነኝ። ሰው ብቻውን ሲሆንና ሰው መሐል ሲሆን ጠባዩ ለምን እንደሚለያይ እናጠናለን። ማንኩሳ አጠገብ ክረምቱን ሙሉ ማሳ ዳር ቆሜ ደቦ ስመለከት ከረምኩና፣ ገበሬ በደቦ ሲያርም ብቻውን ከሚያርመው ይልቅ ይተጋል የሚል ጥናት ጻፍኩ። ታተመ። ከዚያ በኋላ ዝም፣ ጭጭ! ዓመታት አለፉ። እርግጥ በሌላ ጽሑፌ እኔው ራሴን ጠቅሻለሁ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አይደል የሚባለው?

ታዲያ ባለፈው ኅዳር ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ ተጠቀስኩ! ያውም በባሕር ማዶ ተመራማሪ። ምን እንዳለች እንኳ ሳላነብ ዘለልኩ። እናቴም ነገሩ ሳይገባት እልል አለች። አጎቴ ፈንታሁን ምን ተገኘ ቢለኝ፣ «አንዲት ፈረንጅ ጠቀሰችኝ!» አልኩት። ፈገግ ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ምነው ያን ፈገግታ በጠረጠርኩት!

በዚያው ሰሞን አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ የምወዳትን ማስተዋልን ሊያጭልኝ ቡሬ ሄደ። ማስተዋል የመሪጌታ ልሳነወርቅ ልጅ ናት። መሪጌታ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አንዲትን ቃል ሳይገለብጡ የማያሳልፉ ሰው ናቸው። እኔ በደንቡ መሠረት ራቅ ካለ ሻይ ቤት ሆኜ እጠብቃለሁ።

በኋላ እንደሰማሁት አጀማመሩ አምሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆሙ፣ ተለመኑ፣ ተቀመጡ። ዘር ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። መሪጌታ የልጁን ሙያ ጠየቁ። አጎቴ ይህችን ሲጠብቅ ኖሮ ደረቱን ነፋ።

«ሙያውንማ ምን ብዬ ልንገርዎ፣ መሪጌታ! ይህ ሁሉ ወንድ እያለ፣ ፈረንጅ ሴት ከባሕር ማዶ የምትጠቅሰው የእኛን ልጅ ነው!»

ጓዳ ውስጥ ከማስተዋል እናት እጅ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። መሪጌታም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ሴት ሁሉ በዓይኗ ለምትጠቅሰው ጎረምሳ የምድራት ልጅ የለችኝም አሉ።

አማርኛችን እንዲህ ነው፤ መጽሐፍ መጥቀስንና ዓይን መጥቀስን አንድ አልጋ ላይ ያስተኛቸዋል።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ማስተዋል ናት።

«ማናት እሷ?»

«የትኛዋ?»

«የትኛዋ? ብዙ ናቸው እንዴ?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በባጃጅ በረርኩና የሆነውን ከአጎቴ ሰማሁ። መሪጌታ ጉልበት ላይ ወደቅሁና፣ እርስዎ ሲያስተምሩ ሊቃውንቱን ይጠቅሱ የለም ወይ፣ እሷም እኔን የጠቀሰችኝ እንደዚያው ነው ብዬ አስረዳሁ። ገባቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። እፎይ ልል ስል ግን፣ «መልካም። ታዲያ ምን ብላ ጠቀሰችህ? እስቲ ተርጉምልን» አሉኝ።

አላነበብኩትማ! ስልኬን ከፍቼ ቦታውን አገኘሁት። አሳምሬ ልተረጉመው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ማስተዋል ከኋላዬ መጥታ ስልኩን አብራኝ ታነባለች፣ እንግሊዝኛዋ ደግሞ ከእኔ አያንስም። ምን ምርጫ አለኝ?

«ይህ ጥናት አይታመንም» እያልኩ ተረጎምኩ። «ገበሬዎቹ የተጉት በደቦ ስለሠሩ ሳይሆን፣ ተመራማሪው ማሳው ዳር ተገትሮ ስላያቸው ሊሆን ይችላል።»

አጎቴ ጣሪያውን ያይ ጀመር። መሪጌታ አስደገሙኝ። ከዚያ ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና ወደ ጓዳ ዞረው ሚስታቸውን ተጣሩ።

«ነይ አንቺ፣ ስጋት የለም! ሴትዮዋ የጠቀሰችው በጥላቻ ነው!»

ለጥር ቀን ተቆረጠ፤ ተጋባን። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠቅሶኝ አያውቅም። ባልደረቦቼ ያዝኑልኛል። ማስተዋል ግን ይህን በሰማች ቁጥር ወጡን አብዝታ ትጨልፍልኛለች።